በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የጠበበ ወይም የደበዘዘ ስክሪን እንዴት ይስተካከላል

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ካለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የቢሮው የሒሳብ ሠራተኛ ዊንዶውስ 11 በተጫነበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋልቦክስ አስጭናለች፤ ይህ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። በእርሱ ውስጥ ደግሞ የቆየውን ዊንዶውስ 7 ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ጋር ታሠራለች። ዊንዶውሱ በ800 በ600 ፒክስል ብቻ ስለሚከፈት የፒችትሪ መስኮቶች የታችኛው ጠርዝ ከስክሪኑ ውጭ ይቀር ነበር፤ ስለዚህ አንድ ደረሰኝ መዝግባ ለማስቀመጥ በፈለገች ቁጥር የማይታየውን ቁልፍ በኪቦርድ ስትፈልግ ትውላለች። ከእኔ በፊት የመጣው ሰው በዊንዶውሱ የስክሪን ዝርዝር ውስጥ ትልቅ ቁጥር ሲያጣ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንደገና መጫን አለበት ብሏት ሄዷል። የአምስት ዓመት ሒሳብ የተቀመጠበትን ማሽን አጥፍቶ መጫን ምን ማለት እንደሆነ ሒሳብ ሠራተኛ ለሆነ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሥራው ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ችግሩን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። እውነተኛ ኮምፒውተር ከሞኒተር ጋር ሲገናኝ ሞኒተሩ ስንት ፒክስል ማሳየት እንደሚችል በኬብሉ በኩል ራሱ ይናገራል። ቨርቹዋል ማሽን ይህ የለውም፤ ሞኒተሩ በላፕቶፑ ላይ የተከፈተች መስኮት ናት፣ እርሷም ተጠቃሚው እንደ ልቡ የሚያሰፋትና የሚያጠብባት ናት። ስለዚህ የመስኮቷን ልክ በየጊዜው ወደ ውስጥ የሚያደርስ መልእክተኛ ያስፈልጋል። ይህ መልእክተኛ በቨርቹዋልቦክስ ጌስት አዲሽንስ፣ በቪኤምዌር ደግሞ ቪኤምዌር ቱልስ ይባላል። መልእክተኛው ከሌለ በውስጥ ያለው ሲስተም ለየትኛውም የግራፊክስ ካርድ በሚያገለግል ጥቅል ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር በሚያግባባ ፕሮግራም) ይነሳል፤ ይህ ድራይቨር የሚያውቀው 640 በ480፣ 800 በ600፣ 1024 በ768 እና የመሳሰሉትን ጥቂት ልኮች ነው። የስክሪን ዝርዝሩ የሚያሳየው ድራይቨሩ የሚያውቀውን ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው ከዝርዝሩ ከተጀመረ ጊዜ ይባክናል።

ከዚህ በታች አስተናጋጅ የምለው ላፕቶፑ ላይ የተጫነውን ዋናውን ሲስተም ሲሆን፣ እንግዳ የምለው በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለውን ነው። የሜኑና የትእዛዝ ስሞችን በእንግሊዝኛ እንደሚነበቡት በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ። እኔ የማያቸው ላፕቶፖች ላይ የሚበዛው ቨርቹዋልቦክስ ስለሆነ ዋናው ትኩረቴ በእርሱ ላይ ነው፤ ሌሎቹን መጨረሻ ላይ በአጭሩ አነሳቸዋለሁ።

መጀመሪያ ምርመራ

ማሽኑን ያስነሱና እንግዳው ዴስክቶፑን እስኪያሳይ ይጠብቁ። ከዚያ የመስኮቱን የታችኛውን ቀኝ ማዕዘን በማውዝ ይዘው ቀስ አድርገው ይጎትቱ። የሚያዩት ነገር የትኛውን መንገድ መከተል እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

መስኮቱ ሲሰፋ በውስጡ ያለው ምስል ባለበት ቀርቶ ዙሪያው በጥቁር ወይም በግራጫ ባዶ ቦታ ከተሞላ፣ ወይም መስኮቱ ሲጠብ በጎንና በታች መንሸራተቻ ከወጣ፣ መልእክተኛው የለም ወይም አልተነሳም ማለት ነው። እስካሁን ለእርዳታ የተጠራሁባቸው አብዛኞቹ ችግሮች ከዚህ ዓይነት ናቸው።

ምስሉ ከመስኮቱ ጋር እየተለጠጠ ፊደላቱ የሚደበዝዙ ከሆነ፣ ማሽኑ ስኬልድ ሞድ በሚባለው ሁኔታ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ሁኔታ ቨርቹዋልቦክስ የእንግዳውን ትክክለኛ ልክ አይለውጥም፤ የተሠራውን ምስል እንደ ፎቶግራፍ ይለጥጠዋል እንጂ። አስቸጋሪው ነገር በስኬልድ ሞድ ውስጥ የመስኮቱ ሜኑ መደበቁ ነው፤ ስለዚህ በስህተት የገባ ሰው መውጫው ይጠፋዋል። መውጫው ሆስት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ሲ የሚለውን ፊደል መጫን ነው። ተጠቃሚው ካልለወጠው በስተቀር ሆስት ቁልፍ በኪቦርዱ በስተቀኝ ያለው ኮንትሮል ነው። ላቲን ለሚያነብ ሰው ትንሽ ድብዝዝታ ላያስቸግር ይችላል፤ በፊደላችን ግን ኩ እና ኪ የሚለያዩት እግራቸው ላይ ያለችው ቅጥያ በመሃል ወይም በግርጌ በመሆኗ ብቻ ነው። በስኬልድ ሞድ የአማርኛ ሰነድ ማረም ዓይንን ከማድከሙም በላይ ስህተትን ያሳልፋል፤ ስለዚህ እንደ ዘላቂ መፍትሔ እንዲቆጥሩት አልመክርም።

ምስሉ መስኮቱን ተከትሎ በትክክል እየሰፋ ነገር ግን ጽሑፉና ምልክቶቹ በጣም ካነሱ፣ ላፕቶፑ ፒክስሎቹ እጅግ የተቀራረቡ አዲስ ስክሪን ያለው ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መልእክተኛው ሥራውን እየሠራ ስለሆነ እርሱን መነካካት አያስፈልግም። የማሽኑን ሴቲንግስ ከፍተው ዲስፕሌይ በሚለው ክፍል ስኬል ፋክተር የሚለውን ከ100 በመቶ ወደ 150 ወይም ወደ 200 ከፍ ማድረግ ይችላሉ። እኔ ግን የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት በእንግዳው በራሱ ሴቲንግ ውስጥ የጽሑፉን መጠን ማሳደግ ነው፤ ፊደላቱ ሳይለጠጡ እንደ አዲስ ስለሚሣሉ ጥርት ብለው ይታያሉ።

ምርመራውን ለማረጋገጥ ሆስት ቁልፍን ይዘው ኤን የሚለውን ፊደል ይጫኑ፣ ወይም ከማሽን ሜኑ ሴሽን ኢንፎርሜሽን የሚለውን ይክፈቱ። በሚከፈተው ሰሌዳ ውስጥ እንግዳው አሁን በስንት ፒክስል እንደሚሠራና ጌስት አዲሽንስ መኖሩ አለመኖሩ ተጽፎ ያገኛሉ። በጌስት አዲሽንስ ረድፍ ኖት ዲቴክትድ ከተባለ ጥርጣሬው አበቃ።

ሳይቸኩሉ የሚደረግ ዝግጅት

ሁለት ነገሮችን ሳያደርጉ ወደ ጥገናው አይግቡ። አንደኛው ስናፕሾት መውሰድ፣ ማለትም ነገር ቢበላሽ መመለስ እንዲቻል ማሽኑ አሁን ያለበትን ሁኔታ ማስቀመጥ ነው። ከማሽን ሜኑ ቴክ ስናፕሾት የሚለውን መርጠው ስም ይስጡት፤ ስሙ ቀኑንና ምክንያቱን የያዘ ቢሆን ጥሩ ነው። በሳቢያን አንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ድራይቨር እየጫንሁ ሳለ መብራት ሄዶ፣ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ስለነበር የላፕቶፕ ያህል እንኳ ፋታ ሳይሰጠኝ፣ እንግዳው ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን መነሳት ጀመረ። በወቅቱ ስናፕሾት ስላልነበረኝ ቀኑን ሙሉ ፋይል ሳወጣ ዋልሁ። በላፕቶፕ የሚሠሩ ከሆነም ባትሪው መሙላቱን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ማሽኑን በትክክል ማጥፋት ነው። መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖር ሰው መስኮቱን ሲዘጋ ሴቭ ዘ ማሽን ስቴት የሚለውን መምረጥ ይለምዳል፤ ሥራው ባለበት ስለሚቆይለት ልማዱ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ በዚህ ሁኔታ ተቀምጦ ሳለ የዲስፕሌይ ሴቲንጎቹ ፈዝዘው አይነኩም። ሴቲንጉ አልለወጥ አለኝ እያሉ ከሚጠሩኝ ሰዎች ግማሾቹ ምክንያታቸው ይህ ነው። እንግዳውን አስነስተው ከውስጥ ከራሱ ሜኑ ሻት ዳውን በማድረግ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

ካርዱና ሜሞሪው

ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለውን ይክፈቱ። በቨርቹዋልቦክስ 7.1 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት እትሞች ሴቲንጉ ቤዚክ እና ኤክስፐርት ተብሎ በሁለት ስለተከፈለ፣ የምንፈልገው ነገር ካልታየዎ ኤክስፐርት የሚለውን ይምረጡ።

ግራፊክስ ኮንትሮለር የሚለው ረድፍ ለእንግዳው የሚቀርብለትን የግራፊክስ ካርድ ዓይነት ይወስናል። ሦስት ምርጫዎች አሉ። እንግዳው ሊኑክስ ከሆነ ቪኤምኤስቪጂኤ፣ ዊንዶውስ 7 ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ ዊንዶውስ ከሆነ ቪቦክስኤስቪጂኤ መሆን አለበት። ቪቦክስቪጂኤ የሚለው ሦስተኛው ለጥንታዊ ሲስተሞች የቀረ ነው፤ ለምሳሌ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶቹን ለመክፈት ሲል ዊንዶውስ ኤክስፒን በማሽን ውስጥ ያቆየ ሰው ሊያስፈልገው ይችላል። ማሽኑ ከሌላ ኮምፒውተር የተገለበጠ ሲሆን ይህ ረድፍ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ይገኛል፤ ሴቲንጉን ከእነ ስህተቱ ይዞት ይመጣልና።

ቪዲዮ ሜሞሪ የሚለውን መንሸራተቻ እስከ 128 ሜጋባይት ከፍ ያድርጉት። ለምን እንደሚያስፈልግ በሒሳብ ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይወስዳል። 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ወደ 4 ሜጋባይት፣ 1920 በ1080 የሆነው ወደ 8 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ 3840 በ2160 የሆነ ስክሪን ግን ከ31 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ 16 ሜጋባይት ብቻ የተመደበለት ማሽን በተራ ላፕቶፕ ላይ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ትልቅ ሞኒተር ሲገጠምለት አልሰፋም ሊል ይችላል። የላፕቶፑ ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ቢሆን እንኳ ይህቺ ጭማሪ ብዙም አትጎዳውም።

ከእርሱ በታች ያለውን የስሪዲ ማፋጠኛ ምርጫ ለጊዜው አያብሩት። ስክሪኑ ሎግኢን ካደረጉ በኋላ ጥቁር የሚሆን ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነና ይህ ምርጫ በርቶ ካገኙት ደግሞ በመጀመሪያ ያጥፉት። ለሒሳብ ፕሮግራምና ለጽሑፍ ሥራ ፋይዳው ትንሽ ነው፤ በድሬዳዋ የከሰዓት ሙቀት ላይ የላፕቶፕ ማራገቢያ እንዲጮህ ከማድረግ በቀር።

እንግዳው ዊንዶውስ ሲሆን

ማሽኑን አስነስተው ወደ ዴስክቶፑ ይግቡ። አድሚኒስትሬተር በሆነ አካውንት መግባት አለብዎ። በመጀመሪያ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተው ዲስፕሌይ አዳፕተርስ በሚለው ሥር ምን እንደተጻፈ ያንብቡ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር፣ በዊንዶውስ 7 ደግሞ ስታንዳርድ ቪጂኤ ከተባለ፣ ቀደም ሲል የገለጽሁት ጥቅል ድራይቨር እየሠራ ነው።

ከዚያ ከቨርቹዋልቦክሱ መስኮት ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ኢንሰርት ጌስት አዲሽንስ ሲዲ ኢሜጅ የሚለውን ይምረጡ። አስተናጋጁ ዊንዶውስ ከሆነ ይህ የሲዲ ፋይል ቨርቹዋልቦክስ ሲጫን አብሮ ስለገባ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሞባይል ዳታ የሚሠሩ ልጆች ጌስት አዲሽንስን ከኢንተርኔት እየፈለጉ ፓኬጃቸውን ሲጨርሱ፣ አንዳንዶቹም ከማይታወቅ ገጽ ሲያወርዱ አይቻለሁ። ፋይሉ ቀድሞውኑ በላፕቶፓቸው ላይ ነበር።

በእንግዳው ውስጥ ማይ ኮምፒውተርን ወይም ዲስ ፒሲን ሲከፍቱ አዲስ ሲዲ ያያሉ። በእርሱ ውስጥ ቪቦክስ ዊንዶውስ አዲሽንስ የሚለውን ፋይል ሁለቴ ጠቅ አድርገው ያስጀምሩ፤ የሚጠየቁትን በኔክስት ይለፉ። በመሃል ዊንዶውስ የድራይቨሩን ባለቤት ጠቅሶ ልጫነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ኢንስቶል ይበሉ። ይህን ጥያቄ ሳያዩት በሌላ መስኮት ጀርባ ተደብቆ ሥራው የቆመ ሊመስል ስለሚችል፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየብዎ መስኮቶቹን ዝቅ እያደረጉ ይፈልጉት። በመጨረሻም እንግዳውን ሪስታርት ያድርጉ። ሳያስነሱት ውጤት መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ከተነሳ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱ ስም ቨርቹዋልቦክስ ግራፊክስ አዳፕተር ሆኖ መለወጥ አለበት። ስሙ ተለውጦ መስኮቱ ሲጎተት ምስሉ አሁንም የማይከተል ከሆነ ሁለት ቦታ ይመልከቱ። አንዱ ከቪው ሜኑ ኦቶ ሪሳይዝ ጌስት ዲስፕሌይ የሚለው መመረጡ ነው፤ አቋራጩ ሆስት ከጂ ጋር ነው። ሌላው በእንግዳው ዊንዶውስ በታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ የቨርቹዋልቦክስ ትንሽ ምልክት መኖሩ ነው። ይህ ምልክት ቪቦክስትሬይ የሚባለው ፕሮግራም መነሳቱን ያሳያል፤ ኮምፒውተር አፈጥናለሁ ብሎ ከዊንዶውሱ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ሁሉ ያጠፋ ሰው አብሮ አጥፍቶት ይሆናል። የከዚራዋ ሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ላይ ጌስት አዲሽንስ ከነጭራሹ ስላልነበረ የወሰደው ጊዜ እስከ ሪስታርቱ ያለው ብቻ ነበር።

እንግዳው ሊኑክስ ሲሆን

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ የሚያጋጥመኝ ብዙውን ጊዜ ኡቡንቱ ነው። እዚህ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ምርጫው በአብዛኛው በኢንተርኔትዎ አቅም ይወሰናል።

የመጀመሪያው ከኡቡንቱ ከራሱ ማከማቻ መጫን ነው። የኡቡንቱ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ የቨርቹዋልቦክስን መሠረታዊ ሞጁሎች (ድራይቨሮች) አስቀድሞ ስለያዘ የሚጎድለው በተጠቃሚው በኩል የሚሠራው አገልጋይ ፕሮግራም ብቻ ነው። ተርሚናል ይክፈቱና ሱዶ፣ አፕት፣ ኢንስቶል ብለው ክፍተት እየተዉ ከጻፉ በኋላ ቨርቹዋልቦክስ ጌስት ኤክስ11 የሚለውን የፓኬጅ ስም ያስገቡ። ስሙ ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን፣ በሦስቱ ቃላት መካከል ክፍተት ሳይሆን አጭር ሰረዝ ይገባል። ይህ መንገድ የሚያወርደው ጥቂት ነው፤ እኔም ለተማሪ መጀመሪያ የማሳየው እርሱን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሲዲውን እንደ ዊንዶውሱ ከዲቫይስስ ሜኑ አስገብቶ ከእርሱ መጫን ነው። ጥቅሙ የጌስት አዲሽንሱ ቁጥር ከቨርቹዋልቦክስዎ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ ሲሆን፣ ጉዳቱ ሞጁሎቹ እዚያው በማሽኑ ውስጥ ተገንብተው ስለሚጫኑ ጂሲሲ፣ ሜክ እና ፐርል የተባሉት መሣሪያዎች፣ እንዲሁም አሁን ለሚሠራው ከርነል የተዘጋጁት ሄደር ፋይሎች አስቀድመው መኖር አለባቸው። እነዚህን በአፕት ከጫኑ በኋላ በፋይል ማሳያው ሲዲውን ከፍተው ኦቶራን የሚለውን ፋይል በቀኝ ጠቅታ እንደ ፕሮግራም ያስጀምሩት፤ የይለፍ ቃልዎን ይጠይቅዎታል። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ የሚጻፈውን ሳያነቡ አይዝጉት። ሄደር አጣሁ የሚል መልእክት ካለ መጫኑ ያለቀ ቢመስልም ሞጁሉ አልተገነባም።

ሁለቱን መንገዶች በአንድ ማሽን ላይ አይደርቡ። ከማከማቻው የጫነውን ሳያስወግድ በላዩ ከሲዲው የጫነ ሰው የሁለት ዓይነት ቁጥር ፋይሎች ተደባልቀውበት ከነበረበት የባሰ ነገር ይገጥመዋል።

ሁሉም ተጭኖ፣ ማሽኑም ሪስታርት ተደርጎ ምስሉ አሁንም ካልተከተለ፣ ሎግኢን በሚያደርጉበት ገጽ ላይ ስምዎን ከመረጡ በኋላ በታችኛው ጥግ የምትታየውን የጥርስ ጎማ ምልክት ይጫኑ። ኡቡንቱ በራሱ ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ አሠራር ሲጀምር፣ ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ የሚለው ምርጫ ወደ ቀድሞው አሠራር ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ምርጫው የማይታይ ከሆነ፣ አዳዲሶቹ እትሞች የቀድሞውን አሠራር እየተዉት ስለመጡ፣ ካርዱ ቪኤምኤስቪጂኤ መሆኑን ደግመው ያረጋግጡ፤ በዌይላንድ ልክን መለዋወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

የ1366 ነገር

ታይዋን ከሚባለው ገበያችን የሚገዙት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ስክሪን ያላቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላም ሙሉ ስክሪን ሲደረግ በጎንና በጎን ቀጭን ጥቁር መስመር ሊቀር ይችላል፤ የእንግዳውን ልክ ሲያዩት 1360 በ768 ይላል። የጥገናው ጉድለት አይደለም። ብዙ የግራፊክስ ድራይቨሮች የሚፈልጉት ስፋት ለ8 ያለ ቀሪ የሚካፈል እንዲሆን ነው፤ 1366 ለ8 ሲካፈል 6 ይተርፋል። 1360 ግን በትክክል ይካፈላል። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ፒክስል ለማስመለስ ብሎ ሙሉ ከሰዓት ያጠፋ ሰው አውቃለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

በሊኑክስ ላይ በኤክስኦርግ እየሠሩ የተለየ ልክ በግድ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ግን መንገድ አለ። ሲቪቲ የሚባለው ትእዛዝ ስፋቱንና ቁመቱን ሲሰጡት ሞድላይን የሚባል ረጅም የቁጥር መስመር ያወጣልዎታል፤ 1366 ብለው ቢጠይቁትም ወደ 1368 አስጠግቶ እንደሚመልስልዎ ያያሉ። ቀጥሎ ኤክስራንድር በሚባለው ትእዛዝ መስመሩን ኒውሞድ በሚለው ምርጫ ያስመዘግባሉ፤ ከዚያም አድሞድ በሚለው ከስክሪኑ ስም ጋር ያያይዙታል። የስክሪኑን ስም ኤክስራንድርን ብቻውን ሲያስኬዱት ኮኔክትድ ከሚለው ቃል ፊት ተጽፎ ያገኙታል። ይህ ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ የሚጠፋ በመሆኑ፣ ዘላቂ እንዲሆን ከሎግኢን ጋር አብሮ በሚነሳ ፋይል ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል።

ፕሮጀክተር ሲገጠም

ለማስተማር ወይም ሪፖርት ለማቅረብ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር ሲያገናኙ አስተናጋጁ ራሱ ልኩን ወደ ፕሮጀክተሩ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 1024 በ768 ዝቅ ያደርጋል፤ እንግዳውም ተከትሎ ይጠብባል፣ የተደረደሩት መስኮቶችም ይመሰቃቀላሉ። ሁለት አማራጭ አለ። ከአስተናጋጁ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን ከፒ ጋር ተጭነው ኤክስቴንድ የሚለውን ከመረጡ፣ ሁለቱ ስክሪኖች ተለያይተው ይቆማሉ። ከዚያ ማሽኑን በሆስት እና በኤፍ ሙሉ ስክሪን ያድርጉት፤ ከቪው ሜኑ በቨርቹዋል ስክሪን 1 ሥር የትኛውን የአስተናጋጅ ስክሪን እንደሚጠቀም መምረጥ ይቻላል። ጊዜ ከሌለና ሰው እየጠበቀ ከሆነ ደግሞ ያጣጣልሁት ስኬልድ ሞድ እዚህ ይጠቅማል፤ ኦቶ ሪሳይዙን አጥፍተው በስኬልድ ሞድ ቢገቡ የመስኮቶቹ አደራደር ሳይናወጥ ምስሉ ብቻ ይጠብባል።

ሌሎች ፕሮግራሞች

ቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ፕሮ ከ2024 ጀምሮ በነጻ ስለሚሰጥ የሚጠቀሙበት ሰዎች መጥተዋል። እንግዳው ዊንዶውስ ከሆነ ከቪኤም ሜኑ ኢንስቶል ቪኤምዌር ቱልስ የሚለውን ይምረጡ። ሊኑክስ ከሆነ ኦፕን ቪኤም ቱልስ ዴስክቶፕ የሚባለውን ፓኬጅ ከማከማቻው ይጫኑ፤ ዴስክቶፕ የሚለው መጨረሻ የሌለው ፓኬጅ ሲጫን ሁሉም የሠራ ይመስላልና ስክሪኑ ብቻ አይከተልም። ከዚያ ከቪው ሜኑ ኦቶፊት ጌስት የሚለውን ያብሩ።

በሃይፐር ቪ ላይ ዊንዶውስ ለሆነ እንግዳ ኤንሃንስድ ሴሽን የሚባለውን ማብራት ይበቃል፤ ሲገናኙ የስክሪኑን ልክ በመንሸራተቻ ይጠይቅዎታል። በሊኑክስ አስተናጋጅ ላይ ቨርት ማኔጀርን የሚጠቀም ሰው ደግሞ በእንግዳው ውስጥ ስፓይስ ቪዲኤጀንት የሚባለውን ፓኬጅ ጭኖ፣ ከቪው ሜኑ በስኬል ዲስፕሌይ ሥር ኦቶ ሪሳይዝ የሚለውን መምረጥ አለበት።

ትናንት ሠርቶ ዛሬ ሲጠብ

ሁለት ጊዜ የሚመለስ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከማሻሻያ በኋላ ይመጣል። ቨርቹዋልቦክሱ ወደ አዲስ ቁጥር ከፍ ካለ፣ ከሲዲው የተጫነውን ጌስት አዲሽንስም በአዲሱ ሲዲ በላዩ ላይ ይጫኑ፤ የቀድሞውን ማስወገድ አያስፈልግም። በሊኑክስ እንግዳ ላይ ደግሞ ከርነሉ ከተለወጠ ሞጁሉ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ ይህ ማሽኑ ሲነሳ በራሱ የሚሞከር ቢሆንም የአዲሱ ከርነል ሄደር ከሌለ ሳይሳካ ይቀራል። ስለዚህ ከርነሉን እየተከተለ ሄደሩን የሚያመጣውን ጥቅል ፓኬጅ ይጫኑ፤ በኡቡንቱ ስሙ ሊኑክስ ሄደርስ ጄነሪክ ነው፣ በሰረዝ ተያይዞ ይጻፋል፣ አንዴ ከተጫነም ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር አብሮ ይሻሻላል።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ለሳምንት ያህል ያለ ችግር ከሠራ፣ ከዲቫይስስ ሜኑ ኦፕቲካል ድራይቭስ በሚለው ሥር የገባውን ሲዲ ያውጡ፤ መጀመሪያ ላይ የወሰዱትን ስናፕሾትም ያጥፉት። ስናፕሾት እያለ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ በተለየ ፋይል ስለሚጠራቀም ዲስኩን ቀስ በቀስ ይሞላዋል። ሲያጠፉት ግን ሁለቱ ፋይሎች ስለሚዋሐዱ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ መብራት በማይታመንበት ሰዓት አይጀምሩት፣ ላፕቶፑንም ከባትሪው በተጨማሪ ከሶኬት ጋር አያይዘው ያቆዩት።